ፍሬኑ እስኪላላ

ፈዲላ ያንን ድምፅ መጀመሪያ ስትሰማ ወፍ መስሏት ነበር። ቀጭን ፉጨት ነው፤ ይጀምርና ጫፉ ላይ ሽቅብ ይነሣል፣ ጥቂት ዝም ይልና ደግሞ ይመጣል። አዲስ አበባ፣ ከአንድ የምርምር ተቋም ጓሮ፣ የእንስሳት ቤት በሚሉት ረጅም ክፍል ውስጥ ወለል እየወለወለች ነበር። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ወፍ የለም። ድምፁ የሚመጣው ጥግ ላይ ከተቀመጠው ሣጥን ነው።

ጎንበስ ብላ ተመለከተች። እፍኝ የማትሞላ፣ ጭራ የሌላት፣ አይጥም ጥንቸልም ያልሆነች ፍጥረት መሐሉ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

«ጊኒ ፒግ ትባላለች» አላት ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ከበስተኋላዋ መጥቶ። «ሁለት ሳምንቷ ነው። እናቷ ማዶ ክፍል ናት።»

«ምን አድርጋ ለያችኋት?»

«ምንም አላደረገች። ስትለይ ስለምትጮህ ነው የለየናት።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አነጋገርሽ የወሎ ነው።»

«የሐይቅ ነኝ።»

«እኔ የአምባሰል። ከግሸን በታች።»

ዝናው ይባላል፤ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ፈዲላ አንቱ ልትለው ስትል «ሐይቅና አምባሰል አንቱ አይባባሉም» ብሎ አስቀራት።

ከአገሯ ከወጣች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ተወልዳ፣ አሥራ ዘጠኝ ሲሆናት ተድራ፣ ባሏ ሳዑዲ ተሻግሮ ፍቺውን በሰው ልኮባት፣ ሐይቅ ከተማ ቅመም ከምትቸረችረው እናቷ ዘንድ ገብታ ነበር። በኋላም ዓመት ከመንፈቅ የሆናትን ልጇን ሀኒያን ለእናቷ ትታ ሥራ ፍለጋ ሄደች። ይኸው ነው ታሪኳ። ለሚጠይቃት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ትነግረዋለች፤ ከዚያ ሌላ ወሬ ታነሣለች።

እንስሳቱ በእሷ እጅ አይርበተበቱም። ይህን ያየው ዝናው አለቆቹን አነጋግሮ ከጽዳት ወደ እንስሳት ጠባቂነት አዛወራት፤ ቀጥሎም መቁጠር አስተማራት። ግልገሏ ከእናቷ ተወስዳ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሣጥን ውስጥ ብቻዋን ትቆያለች። ፈዲላ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ፉጨት በሰማች ቁጥር በአውራ ጣቷ መቁጠሪያ ትጫናለች። መቁጠሪያው ዝናው ከአንድ መስጊድ ደጃፍ የገዛው፣ ለዚክር የሚሸጠው ዓይነት ነው። አንዳንዷ ግልገል አስቀድማ የጨው ውኃ ብቻ ትወጋለች። አንዳንዷ ሰው ለድባቴ ሕመም የሚውጠውን የታወቀውን መድኃኒት ፍሉኦክሴቲንን፣ አንዳንዷ ደግሞ ዝናው የሚያጠናውን አዲሱን። የትኛዋ ምን እንደተወጋች ለፈዲላ አይነገራትም፤ ጆሮዋ እንዳያዳላ።

ጆሮዋ ግን ያውቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ከሣጥኑ የሚመጣው ስድስት ሰባት ፉጨት ብቻ ነው። ግልገሏ አልተኛችም፣ አልደነዘዘችም፤ ሣጥኑን ትዞራለች፣ ጥግ ጥጉን ታሸታለች። ልቧ ብቻ አልተሸበረም። እንዲህ ባለው ቀን ፈዲላ መጋረጃው ጀርባ ሆና በቁሟ የምታልም ይመስላት ነበር። ዝምታው ለስላሳ ነው፤ ጠዋት አርዲቦ ላይ እንደሚተኛው ጉም።

«በአይጥ ለምን አትሠራውም? አይጥ ሞልቷል» አለችው አንድ ከሰዓት።

«የአይጥ በር ከሰው በር ይለያል። የእነዚህ ይመሳሰላል።»

በር የሚለው ለእሷ ብሎ ነው፤ በመጽሐፉ ቋንቋ ተቀባይ ይባላል። ሰብስታንስ ፒ የሚሉት መልእክተኛ አለ። ኒውሮፔፕታይድ ከሚባሉት፣ በአንጎል ሴሎች መካከል ከሚላላኩት ጥቃቅን የፕሮቲን ቁራጮች አንዱ ነው። ሕመምና ድንጋጤ ሲመጣ ይላካል፤ በሴሎቹም ላይ የራሱ በር አለው። አዲሱ መድኃኒት በሩ ላይ ይቆምና መልእክተኛውን እንዳይገባ ይከለክለዋል። ፈዲላ ይህን በሦስት ቀን ውስጥ አጥንታ ያዘችው። ትምህርቷ ከሰባተኛ ክፍል ያለፈ አልነበረም፤ ነገር ግን ከልጅነቷ የቁርአን ቂርአት የቀራች ናትና ቃል ሲነገራት መያዝ ታውቅበታለች።

አንድ ማለዳ ዝናው ወደ ማዶው ክፍል ጠራት። በማደንዘዣ የተኛች ጊኒ ፒግ ጠረጴዛው ላይ አለች፤ ከጠጉር የቀጠነ የመስተዋት መርፌ ወደ አንጎሏ ሥር ወርዷል። ከድምፅ ማጉያው ጠብ… ጠብ… ጠብ የሚል ይሰማል፤ ካባራ በኋላ ከቆርቆሮ ጫፍ እንደሚንጠባጠብ ዝናብ።

«ይሄ አንድ ሴል ነው» አለ ዝናው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሴሮቶኒን የሚረጭ። ጥቂት ናቸው፤ ከአንጎል ሥር መሐል ለመሐል ነው ያሉት። ክራቸው ግን የማይደርስበት የለም። እንቅልፍ ጋ፣ ምግብ ጋ፣ ሆድ መባስ ጋ።»

ፈዲላ ዓይኗን ጨፈነች። በጠብታና በጠብታ መካከል ያለው ዝምታ ረጅም ነው። የሚቀጥለው አይመጣም ብላ ተስፋ ስትቆርጥ ይመጣል።

«ለምን ቀስ ይላል?»

«ተፈጥሮው ነው። የታወቀው መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ መጀመሪያ ጭራሽ ይዘገያል። መድኃኒቱ ሴሮቶኒኑን ያበዛዋል፤ ሲበዛ ተመልሶ እዚሁ ሴል ላይ ይመጣና ፍሬን ይይዝበታል። ፍሬኑ እስኪላላ ሳምንታት ይፈጃል። ሕመምተኛው ክኒኑን እየዋጠ ወር የሚጠብቀው አንድም ለዚህ ይመስለናል።»

«አዲሱስ?»

«አዲሱ ሴሮቶኒኑን አይነካውም። የሚዘጋው የጎረቤት በር ነው። እንዲያም ሆኖ እነዚህ ሴሎች ይነቃሉ፤ ፍሬናቸውም ሲላላ አይተናል። እንዴት እንደሆነ ነው የምፈልገው። መሐል ላይ ሌላ መልእክተኛ ሳይኖር አይቀርም።»

ያን ሰሞን ፈዲላ ልጇን ካየች አሥራ አንድ ወር ሆኗት ነበር። አንድ ቀን መጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ስትቆጥር አሥረኛው ደቂቃ ላይ እጇ ቆመ። ግልገሏ ከሌሎቹ የበለጠ አልጮኸችም። ፈዲላ ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተች፣ ግልገሏን በጋቢዋ ጫፍ ይዛ ማዶ ወስዳ ከእናቷ ጎን አስቀመጠቻት። እናትየዋ አሸተተቻትና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ዝናው ሲመጣ አልደበቀችውም። «አምስት ደቂቃ ሲቀረው አቁሜዋለሁ» አለች።

መዝገቡን ከፍቶ በዚያ ቀን ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። አልተቆጣም። ጥቂት ቆይቶ «ልጅ አለችሽ አይደል?» አለ።

«አለች። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።»

«ለአረፋ ሂጂ እንግዲህ።»

ሄደች። ሀኒያ ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ተሸጉጣ አየቻት። አያቷን እማ ነው የምትለው። «እናትሽ ናት፣ ሳሚያት» ሲሏት «ፈዲላ ናት» አለች፤ አያቷ በስልክ ስትጠራት ሰምታ የያዘችው ስም ነው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ፈዲላም አብራ ሳቀች። በአራተኛው ቀን ተመለሰች። ስሙ ግን በዚያው ቀረ።

የዝናው ጥናት አለቀ። መጨረሻ ላይ የእንስሳቱ አንጎል ለምርመራ ይፈለግ ስለነበር አንድም አልተረፈ። የመጨረሻዎቹን ፈዲላ ራሷ ይዛለች፤ በእሷ እጅ ስለማይፈሩ። ዝናው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሲሄድ የጥናቱን መጽሐፍ አንድ ቅጂ ሰጣት። የምስጋናው ገጽ ላይ ስሟ በፈረንጅ ፊደል ሰፍሯል፤ አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሌላውን ማንበብ አትችልም። እዚያው የእንስሳት ቤት፣ ከሌሎች ተማሪዎችና ከሌሎች እንስሳት ጋር፣ ዓመታቱ ተከታትለው ሄዱ።

የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅን ረግጦ ካለፈ በዓመቱ እናቷ ሞተች። ፈዲላ ለታዚያው ለቅሶ መጥታ በዚያው ቀረች። ሀኒያ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የአያቷን የቅመም ቦታ ይዛ ትሠራለች። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ጨዋ እንግዶች ኖሩ። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ቦታ ትለቅላታለች። «በልተሻል?» «በልቻለሁ።» «ውኃ ቀድቻለሁ።» «አላህ ይስጥሽ።»

ሕመሙ መቼ እንደጀመራት ፈዲላ አታውቅም። ከቤቱ ደጃፍ ሐይቁ ይታያል፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ዱካ ላይ መቀመጥ ትወድ ነበር። አንድ ቀን ከዱካው ሳትነሣ ፀሐይ አናቷ ላይ ደረሰች። በማግሥቱም እንዲሁ። ምግቡ አፏ ውስጥ እንደ እርጥብ ወረቀት ሆነባት። ገና ጎሕ ሳይቀድ ትነቃለች፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የመሬት ምላስ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል፣ ደግሞ ሲሰወር ታያለች፤ ዓይኗ ያያል እንጂ እሷ ያየች አይመስላትም። የሰው ድምፅ ከሩቅ፣ በውኃ ላይ አልፎ እንደሚመጣ ሆነ። ለእናቷ ያላለቀሰችው ለቅሶ ነው ያሉ አሉ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ዱዓ አደረጉላት፤ የፊት ለፊቷ ክርስቲያን ጎረቤት ከእስጢፋኖስ ጠበል አመጣችላት። ፈዲላ ሁሉንም ተቀበለች፣ ለሁሉም አሚን አለች፣ ተመልሳም ዱካው ላይ ተቀመጠች።

ወር ሲያልፍ ሀኒያ የቅመም ቦታውን ዘግታ ቤት መጣች። «ተነሽ፤ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለቻት። ፈዲላ ለመከራከር አቅም ስላልነበራት ተነሣች።

የአእምሮ ሕመም የምታየው ሲስተር ሰላማዊት ወጣት ናት፤ ጥያቄዋን ሳትቸኩል ትጠይቃለች። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ልቧን ጠየቀቻት። ከዚያ «መሞት ያስመኝዎታል፣ እትዬ ፈዲላ?» አለች።

«ባልነቃ እላለሁ። እጄን ግን በራሴ ላይ አላነሣም፤ ሐራም ነው።»

«እንዲህ ያለው ሐሳብ ከበረታብዎ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ ይምጡ። ልጅዎም ትሰማኛለች።» ሀኒያ ራሷን ነቀነቀች። «ፍሉኦክሴቲን የሚባል እጀምርልዎታለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አለች ፈዲላ። በዚያ ሰሞን የተናገረችው ረጅሙ ነገር ነው። «የሰብስታንስ ፒን በር የሚዘጋው አላችሁ?»

ሲስተር ሰላማዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሀኒያም ዞር ብላ እናቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻት። ፈዲላ ቀስ እያለች፣ እየቆመች፣ ስለ ግልገሎቹና ስለ ፉጨቱ፣ ስለ መልእክተኛውና ስለ በሩ ተናገረች።

«እኔ ይህን አልተማርኩትም» አለች ሲስተሯ በመጨረሻ። «እዚህ የለንም፤ የትም ለድባቴ ሲሰጥ አልሰማሁም። የሚያውቅ ሰው ካለዎት ይጠይቁልኝ፤ እስከዚያው ግን ይሄን ይጀምሩ።»

ከሰዓት በኋላ ሀኒያ የዝናውን ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ድምፁ ወፍሯል፤ የአምባሰል ለዛው አለ። ፈዲላ ጠየቀችው። 

«አልሆነም፣ ፈዲላ።»

«ግልገሎቹኮ ዝም ብለው ነበር።»

«ብለው ነበር። ሰው ላይ ሌሎች ሞክረውታል። መጀመሪያ ላይ ጥሩ መስሎ ነበር፤ ሰው ሲበዛ ግን መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን አልተሻለም። የእሱ ዘመድ ዛሬ ለካንሰር ሕመምተኞች ማስመለስ መከላከያ ይሰጣል። ለድባቴ ግን ቀረ።»

«እና ያ ሁሉ?»

«ያ ሁሉማ…» ትንፋሹ ተሰማ። «ሴሎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ አንድ ሁለት ነገር አወቅን። ፍሬኑን አወቅን። ለአንቺ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ፍሬኑን ታውቂዋለሽ። የሰጡሽ መድኃኒት ለብዙ ሰው ይሠራል። የመጀመሪያው ሳምንት ቢያስከፋሽ፣ ሁለተኛው ምንም ባይመስልሽ እንዳታቆሚው። አብሽሪ።»

የመጀመሪያው ሳምንት አስከፋት። ሆዷ ይገለባበጣል፣ እግሯ አንድ ቦታ አያርፍም። ሁለተኛው ሳምንት ምንም አልመሰላትም። ጎሕ ሲቀድ ነቅታ ስትጋደም አንዳንዴ ጠብ… ጠብ የሚል ይሰማታል፤ ከውስጧ ይሁን ከጣሪያው አትለየውም። ሐይቁ በመስኮቱ ገብቶ ከነአልጋዋ ያነሣት፣ ያንሳፈፋትም ይመስላታል። ሀኒያ በየጠዋቱ ክኒኑንና ውኃውን ይዛ ትመጣና እስክትውጥ ቆማ ትጠብቃለች። በፊት ክኒኑ እንደተዋጠ ነበር የምትሄደው። በሦስተኛው ሳምንት አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ ጀመረች።

«ያ ፍሬን የሚሉት ምንድን ነው?» አለቻት አንድ ጠዋት። ፈዲላ ነገረቻት። ሀኒያ እስከ መጨረሻው ሰምታ ስታበቃ «አዲስ አበባ ወለል ትጠርጊ መስሎኝ ነበር» አለች።

«እጠርግም ነበር።»

 ውጭ ሰው ከብት እየነዳ ወደ ውኃው ወረደ።

«እኔስ አልቅሼ ነበር?» አለች ሀኒያ። «የሄድሽ ቀን።»

ፈዲላ ጣሪያውን አየች። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። «አላውቅም። ተኝተሽ ነው የወጣሁት። እንዳልሰማሽ ብዬ ነው።»

ሀኒያ ብርጭቆውን በእጇ አዟዟረችው። «እማ ስትነግረኝ ለአንቺ አላለቀስኩም አሉ። በዚያው ሳምንት ፍየላችን ተሸጣ ነበር። ለፍየሏ ነው አሉ ሦስት ቀን ያለቀስኩት።»

ፈዲላ ቀና ብላ አየቻት። የልጅቱ አፍ ጥግ ላይ አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም። «ምን ዓይነት ፍየል ነበረች?» አለች ፈዲላ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበርኩ።»

«ቡሬ ነበረች» አለች ፈዲላ። «አንድ ጆሮዋ የተቀደደ። አንቺን ተከትላ ነበር የምትውለው።» እጇን ዘረጋችና የልጇን ጉልበት ነካች። ሀኒያ አልሸሸችም። ለረጅም ጊዜ እንዲያው ተቀመጡ፤ የቅመም ቦታው ያን ቀን አርፍዶ ተከፈተ።

በአምስተኛው ሳምንት ምሳ ላይ ፈዲላ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ፊቷን አጨማደደች። «ጨው አብዝተሽበታል» አለች።

«ሁልጊዜ የማደርገውን ነው ያደረግሁት።»

«እንዲያ ከሆነ ሁልጊዜ ታበዢያለሽ።»

ሀኒያ ተቆጥታ ሳህኑን ልታነሣ ስትል እጇ መሐል ላይ ቆመ። ከመጣች ጀምሮ ፈዲላ አንድም ቀን ስለ ምግብ ጣዕም ተናግራ አታውቅም ነበር። ሳህኑን መልሳ አስቀመጠች። «ነገ እቀንሳለሁ» አለች።

ሲስተር ሰላማዊት በቀጠሮው ቀን ይህን ስትሰማ ካርዱ ላይ ጻፈችው፤ ጨው የሚለውን ሳይቀር። መድኃኒቱ ገና ወራት እንደሚቀጥል ነገረቻቸው። ከዚያም ተራ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ ውጭ አግዳሚው ላይ እንዳለ፣ ክኒኑን በዐሥረኛው ቀን ሊተወው እንደፈለገ ነግራት፣ ቢቻላት ጥቂት እንድታነጋግረው ጠየቀቻት። ፈዲላ ወጥታ ከሰውየው ጎን ተቀመጠች። ብዙ አልተናገረችም። እሷም በዐሥረኛው ቀን ምንም እንዳልመሰላት ነገረችው፤ ስለ ፍሬኑም ነገረችው። ሰውየው በቅሎ ሲነዳ የኖረ ነውና «ልጓም በይኛ» አለ። ልጓምም ይሆናል አለችው።

በማግሥቱ ጁምዓ ነበር። ከሰላት በኋላ ጎረቤታቸው ኑርዬ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ መረቡን ሊያነሣ ወደ ማዶ ሲወጣ ሀኒያ እናቷን ይዛ ጀልባው ላይ ወጣች። ነፋስ የለም። ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሏል፤ ተራሮቹ ወደ ታች ተዘቅዝቀው ይታዩበታል። ፈዲላ መጀመሪያ ጣቷን ውኃው ውስጥ ነክራ ተቀመጠች። ቀጥላ የጀልባው ጎን ላይ ተደገፈች። መሐል ሲደርሱ ራሷ ቀስ ብሎ ዘመም አለና የሀኒያ ጭን ላይ አረፈ።

ኑርዬ መቅዘፉን አቁሞ አየ። «ታመመች እንዴ?»

«ተኛች» አለች ሀኒያ።

መረቡ ገና ማዶ ነው፤ ፀሐይም ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ኑርዬ ግን መቅዘፊያውን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አጋደመው። ጀልባው ወዴትም ሳይሄድ በዝግታ ይዞራል። ሀኒያ ነጠላዋን አውልቃ የእናቷን ፊት ከፀሐይ ጋረደችላት፤ ሁለቱም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ፈዲላ እስክትነቃ ጠበቁ።